ማርስን ሊያዩ የመጡብን ጠዋት

ባለፈው ሳምንት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቤቴ መጣና በረዶ የጠገበ የሱፍ ካፖርቱን አውልቆ የቤቱ ማሞቂያ፣ ኤለመንቱ ላይ ዘረጋው። ትንሽ ቆይቶ ማሞቂያ ላይ የሚደርቅ ሱፍ ሽታ ሳሎኑን ሞላው። እርጥብ በግ በሉት፣ የተቃጠለ አቧራም አለበት። ሰውዬው ስለ አዲሱ አለቃችን ያወራል፤ እኔ ልቤ ድው ድው ይላል፣ እጄን አልቦኛል። «ምነው? አመመሽ እንዴ?» አለኝ። «ኧረ ደህና ነኝ» አልኩት። ምን ልበለው ታዲያ? ካፖርትህን አንሣልኝ፣ እናቴ ልትጮህ ነው ልበለው?

እኔ ከድሮም ፈሪ ነኝ። ሰው ስልክ ሲያነሳ ፊቱን ነው የማየው። በር ሲንኳኳ መጀመሪያ ቆሜ አዳምጣለሁ። ይሄ ሁሉ የጀመረኝ ፊቲያ የሚባል ሰፈር እያለን፣ ሁለተኛ ክፍል በነበርኩበት ክረምት ነው። ክረምት ስል የዚህን አገር ነው፤ ትምህርት ቤት ስገባ ጨለማ፣ ስወጣም ጨለማ የሆነውን፣ አልቆ የማያልቀውን።

ያን ክረምት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤታችን ሲኒማ ቤት ነበር። አባቴ ግድግዳ የሚያክል ቴሌቪዥን ገዝቶ ስለነበር ሁለት ጓደኞቹ ሳይቀሩ ይመጣሉ። አባቴ የቱነልባና፣ የምድር ውስጥ ባቡር ሾፌር ነው፣ በቀዩ መስመር። ጋሽ ሙሉጌታ ደሴ ከተማ ፊዚክስ ሲያስተምሩ ኖረው፣ እዚህ መጥተው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ የእናቴን አባት ከዚያው ያውቋቸዋል። ጋሽ ሰዒድም የወሎ ልጅ ነው፤ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞረ ያጥባል፣ ያበላል፣ መድኃኒት ይሰጣል። ሦስቱም የሚያዩት አንድ ዓይነት ፊልም ብቻ ነው፤ የህዋ። ሰው ጨረቃ ላይ ካልጠፋ፣ መንኮራኩር ካልተበሳ እነሱ ዘንድ ፊልም አይባልም።

ማየት እንኳ አይባልም፣ ክርክር ነው። ሪሞቱ ሁልጊዜ በጋሽ ሙሉጌታ እጅ ነው። ሻዩ ሳይቀዳ ፊልሙን ቀጥ ያደርጉታል።

«ይሄ ድምፅ ከየት መጣ?» ይላሉ። ስክሪኑ ላይ አንዲት የጠፈር መርከብ ፈንድታ፣ እሳቷ ተበትኖ ቆሟል። «አየር በሌለበት ምን ተሸክሞት መጣ? እስቲ ንገሩኝ!»

«ጋሼ፣ በአላህ! ፊልም እኮ ነው» ይላል ጋሽ ሰዒድ። «ዝም ብላ ብትፈነዳ ማን ይደነግጣል?»

«ሰው ይደንግጥ ተብሎ አይዋሽም! ማስረጃ አምጣልኝ። አየር በሌለበት ድምፅ እንደሚሄድ ማስረጃ!»

አንድ ቀን አባቴ ለማስታረቅ ብሎ ፊልሙን ሙሉ ድምፅ አጥፍቶ አሳያቸው። ጋሽ ሙሉጌታ ተደሰቱ። ጋሽ ሰዒድ አንኮራፋ።

ጋሽ ሙሉጌታ የሚወዱት ምንም የማይሆንበትን ፊልም ነው። ሰዎች ቁልፍ ያዞራሉ፣ የመለኪያ መርፌ ያነባሉ፣ ቁልፍ ያዞራሉ። «ከሁሉም የማይዋሽ ይሄ ብቻ ነው» ይላሉ። የጋሽ ሰዒድ ደግሞ ጨረቃ ላይ ብቻዋን የቀረች አሮጊትና የሚያስታምማት ሮቦት ታሪክ ነው። የሮቦቱ ባትሪ ሲያልቅ ጋሽ ሰዒድ ትራስ አቅፎ ያለቅሳል፤ ባየው ቁጥር ያለቅሳል። «እሷ ሰዓቷን የምትቆጥረው በእሱ ነበር እኮ!» ይላል። አባቴ የትኛውን እንደሚወድ አላውቅም። ግማሹን ይተኛ ነበር፤ ለሥራ የሚነሳው ገና ሰው ሳይነሳ ነውና።

እናቴ አብራቸው አትቀመጥም። ኩሽና ሆና ታዳምጣለች። እኔ ምንጣፉ ላይ ነኝ፤ ጋሽ ሙሉጌታ የሚሉትን ሁሉ እንደ ሕግ ነበር የምይዘው። ህዋ ውስጥ ድምፅ የለም ስለተባልኩ፣ ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል አየሩ አልቆ እንዳይሆን እያልኩ አፌን ከፍቼ እተነፍሳለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ልጅ የሚፈራውን አይናገርም፤ ከተናገረ እውነት የሚሆን ይመስለዋል።

ያስጨነቀኝ ግን የስልኩ ነገር ነው። በአንዱ ፊልም ማርስ ላይ ያለ ሰውዬ መሬት ካለች ሚስቱ ጋር እንደ ጎረቤት ሲያወራ ጋሽ ሙሉጌታ ከሶፋው ተነሡ።

«ቅጥፈት! ድምፁ እስኪደርስ እኮ ጊዜ ይፈጃል። ሰዒድ፣ ተነሥ። አንተ ማርስ ነህ። እኔ ሚስትህ ነኝ።»

«አስተግፊሩላህ» አለ ጋሽ ሰዒድ።

«እንዴት ነህ ውዴ?»

«ደህና ነ...»

«አልደረሰህም! መንገድ ላይ ነው። ፈንዲሻህን ብላ።»

ጋሽ ሰዒድ ፈንዲሻውን በላ። አባቴ ሽንት ቤት ደርሶ ተመለሰ። «አሁን ደረሰህ፣ መልስ» ተባለ። «ደህና ነኝ» አለ። «እሱም ገና አልደረሰኝም» ብለው ጋሽ ሙሉጌታ ጣሪያ ጣሪያውን ያዩ ጀመር። አባቴ በሳቅ ፈረሰ።

እኔ አልሳቅኩም። ያኔ አማርኛ እሰማለሁ እንጂ የምመልሰው በስዊድንኛ ነበር፤ በስዊድንኛ ጠየቅኳቸው። «ሰውዬው ደህና ነኝ ካለ በኋላ ቢሞትስ? ድምፁ ይመጣል?»

«ጎበዝ!» አሉ። በደስታ ራሴን ዳበሱኝ። «እንዴት አይመጣም! ሰውዬው ሞቶ፣ ድምፁ ደህና ነኝ ይልሻል። ፊልም ሠሪዎቹ ያልገባቸው ለዚህች ልጅ ገባት!»

ኩሽና ውስጥ የሆነ ነገር ወድቆ ተሰበረ።

እናቴ ማታ ማታ ደሴ ትደውል ነበር። አባቷ፣ እኔ አባባ የምላቸው፣ በመኸር ወድቀው ዳሌያቸውን ተጎድተው ነበር። «አባባ? ይሰማዎታል?» ትላለች። ዝም። ዝም። ከዚያ ከሩቅ «ደህና ነኝ፣ አንቺስ?» ይላሉ። እኔ ዝምታውን ለካሁት። ጋሽ ሰዒድ ፈንዲሻ ሲበላ እንደነበረው ዓይነት ዝምታ ነው። ደሴም ሩቅ ነው። እንግዲህ የምንሰማው ያለፈውን ድምፅ ነው፣ እሳቸው አሁን ምን እንደሆኑ ማንም አያውቅም አልኩ። እናቴ ስልኩን ዘግታ «ደህና ናቸው ተመስገን» ስትል ፊቷን አያለሁ። ምስኪን፣ አልገባትም እላለሁ።

ለነገሩ እናቴም አታምንም ነበር። እኔ ጡት ሳልጥል እናቷ ሞተውባት ወራት ደብቀዋታል። በደወለች ቁጥር «ጠበል ሄዳለች» ይሏታል። ጠበሉ አላልቅ አለ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት፣ ገና ሳይነጋ፣ እትዬ አልማዝ ከሽማግሌዎች ጋር መጥታ በሩን አንኳኳች፤ «በእመቤቴ፣ ምንም የለም» እያለች ነበር የገባችው። እትዬ አልማዝ የጋሽ ሙሉጌታ ሚስት ናት፤ በዚያ ሰፈር መርዶ ያለ እሷ አይነገርም። አቅፋ መያዝ ታውቅበታለች። እናቴ እትዬ አልማዝን በጣም ትወዳታለች፣ ከሰዓት በኋላ ብቻ።

ክረምቱ ሊገባደድ ሲል ክርክሩ ባሰ። በአንድ ፊልም መንኮራኩር በፓራሹት ጃንጥላ ብቻ ተንሳፍፋ ማርስ ላይ አረፈች። ጋሽ ሙሉጌታ እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ጃንጥላ ብቻውን አያቆማትም፣ ትከሰከሳለች አሉ። ጋሽ ሰዒድ ትልቅ ጃንጥላ ከሆነስ አለ። ሁለት ቅዳሜ ተኮራረፉ ማለት ይቻላል። ያኔ አባቴ እውነተኛ መንኮራኩር ማርስ ላይ ልታርፍ እንደሆነና በቀጥታ እንደሚተላለፍ ሰማ። የምታርፍበት ሰዓት እዚህ ማለዳ ነው። «እኔ ሥራ ላይ ነኝ፣ እናንተ ግን ኑ፣ ቴሌቪዥኑ የናንተ ነው። ገላጋዩ ማርስ ራሱ ነው» አላቸው። ለእናቴ መንገር ረሳ።

እንግዲህ አስቡት። ገና ጨለማ ነው። በሩ በጥፍር ኳ ኳ አለ። እኔ ከእንቅልፌ ነቅቼ በኮሪደሩ በኩል እያየሁ ነው። እናቴ ፀጉሯን እየሸበበች ከፈተች። ጋሽ ሙሉጌታ ከጥቁር ካፖርታቸው በላይ ጋቢ ደርበዋል፤ ብርድ አይችሉም። ጋሽ ሰዒድ አንገቱን ደፍቷል፤ ጫማው ላይ ያለውን በረዶ እያራገፈ ነው። ከኋላቸው ጥቁር ሻርፕ የተከናነበች እትዬ አልማዝ። ባሏ በረዶው አዳልጧቸው እንዳይወድቁ ደግፋ ልታመጣቸው ነው የመጣችው። እኔን እንዳይቀሰቅሱ ብለው ሁሉም ያንሾካሹካሉ።

ጋሽ ሙሉጌታ ዝቅ ባለ ድምፅ «አይዞሽ፣ እኛ ነን» አሏት።

አይዞሽ! ከቃል ሁሉ መርጠው!

«አባቴን!» አለች እናቴ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከእናቴ ይወጣል ብዬ አላውቅም። «ወይኔ አባቴን! ወይኔ አባብዬ!» ደረቷን እየመታች ኮሪደሩ ላይ ተዘረጋች። ጋሽ ሙሉጌታ በድንጋጤ ጋቢያቸው ወደቀ። እትዬ አልማዝ ደግሞ፣ ልማድ ነው፣ ሮጣ አቀፈቻት። እሷ ስታቅፋት የባሰ ጮኸች። ላይኛው ፎቅ በር ተከፈተ፣ የታችኛውም ተከፈተ።

«ማንም አልሞተም!» ይላል ጋሽ ሰዒድ። «ወላሂ ማንም አልሞተም! ማርስን ልናይ ነው የመጣነው!»

እናቴ ቀና ብላ አየችው። «ማርስን?»

«ማርስን።»

«ጠበል ሄዳለች ያሉኝ ይሻል ነበር!» ብላ እንደገና ጮኸች።

እንደምንም አንሥተው ሶፋው ላይ አስቀመጧት። ካፖርቶቹን ኤለመንቱ ላይ ዘረጉ፣ ሽታው ያኔ ነው የመጣው። ጋሽ ሙሉጌታ አጠገቧ ቁጭ ብለው፣ «ልጄ፣ እምልልሻለሁ፣ ምንም የሰማሁት ነገር የለም» አሏት።

«ማስረጃ» አለች።

«እ?»

«ክረምቱን ሙሉ ማስረጃ ማስረጃ ሲሉ ኩሽና ሆኜ ስሰማ ነበር፣ ጋሼ። አሁን ያምጡ። አባቴ በሕይወት ለመኖራቸው ማስረጃ ያምጡልኝ።»

እትዬ አልማዝ «በእመቤቴ እልሻለሁ...» ስትል፣ እናቴ «ያኔም በእመቤቴ ብለሽኛል፣ አልማዝዬ» አለቻት። እትዬ አልማዝ እጇን ከትከሻዋ ላይ ቀስ ብላ አነሳች።

ጋሽ ሰዒድ ደሴ ደወለ። አጎቴ ካሳ አነሳ። ድምፁ በክፍሉ ሁሉ እንዲሰማ አደረገው።

«ካሳ፣ አባባን አገናኘን፣ ቶሎ።»

ዝም። ዝም። «አባባ የሉም። ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል።»

እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። ከወንበር መነሣት አቅቷቸዋል ሲባል የከረሙ ሰው!

«አንተ ካሳ! ሌላ የምትለው አጣህ?» አለ ጋሽ ሰዒድ።

«እውነቴን እኮ ነው! ከትናንት ወዲያ ጀምሮ በከዘራ ይሄዳሉ፣ ዛሬ ከልክዬአቸው እምቢ ብለው ነው የወጡት። ስልካቸውንም ረስተውታል። ቆይ፣ ሮጬ ልጥራቸው።»

ስልኩ ተዘጋ፤ ጠበቅን። የማደርገው ሲጠፋኝ ቴሌቪዥኑን ያለ ድምፅ ከፈትኩት። አንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ሰዎች ተደርድረው ተቀምጠዋል። እነሱም ከሩቅ የሆነ ነገር እስኪመጣላቸው ይጠብቃሉ። አንዱ ጥፍሩን ይበላል፣ አንዷ አፏን በእጇ ይዛለች። ጋሽ ሙሉጌታ ጀርባቸውን ለስክሪኑ ሰጥተው የእናቴን እጅ ይዘዋል፤ አንዴም አልዞሩም። በድንገት ሰዎቹ ሁሉ ብድግ ብለው ይተቃቀፉ፣ ያለቅሱ ጀመር። የተረዱ መሰለኝ፤ መርዶ። እኔም አብሬ አለቀስኩ። ጋሽ ሰዒድ ያኔ ዞር አለና አየ። በጃንጥላ ይሁን በሌላ እንዴት እንዳረፈች ማንም አልጠየቀም፣ እሱም ዓይኑን ወደ ስልኩ መለሰ።

ስልኩ ጮኸ።

«ሄሎ? ልጄ?» የአባባ ድምፅ ነው፣ እያለከለኩ። «ካሳ ከቅዳሴ ጎትቶ አወጣኝ። ምን ሆናችሁ?»

እናቴ «አባባ! አባብዬ!» ብላ መናገር አቃታት፤ ታለቅሳለች ብቻ። እትዬ አልማዝም አለቀሰች፣ ጋሽ ሰዒድም፣ ጋሽ ሙሉጌታም። እኔ ግን አላመንኩም። ድምፅ መሆኑን አውቃለሁ፣ ድምፅ ደግሞ ከሰውዬው በኋላ እንደሚመጣ አውቃለሁ።

ዝምታው አለፈና አባባ «ማን ሞተ?» አሉ።

«ኧረ ማንም!»

«አትደብቁኝ። የሚያለቅስ ሰው ይሰማኛል፣ የብዙ ሰው። የማላውቃት ሴትም አለች። ልጅቷን አምጧት!»

አፌ ላይ ስልኩን ደቀኑት። «አባባ፣ እኔ ነኝ» አልኩ፣ በአማርኛ።

«ተመስገን። ባልሽስ?»

«ሥራ ላይ ነው አባባ» አለች እናቴ።

«በዚህ ሰዓት? ያናግረኝ።»

«ባቡር እየነዳ ስልክ አያነሳም።»

ከዚያ አባባ፣ ድምፃቸው ወርዶ፣ «ልጄ፣ እንዲህ እንደሚባል እኔ አጣሁት? ለእናትሽ ጊዜ ጠበል ሄዳለች በሏት ብዬ ያዘዝኩት እኔ አይደለሁ? በየቀኑ እየደወልሽ በየቀኑ የዋሸሁሽ እኔ አይደለሁ? አንቺም ለእኔ አዝነሽ ነው። ግዴለም፣ ንገሪኝ» አሉ።

ጋሽ ሙሉጌታ ጋቢያቸውን ከወለሉ አነሱ። እናቴ እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና፣ «አባባ፣ ስልኩን አይዝጉ። ራሱ ያናግርዎታል» አለች። ያዘዙት አባቷ መሆናቸውን እስከዚያ ጠዋት አታውቅም ነበር፤ አጎቴን ነበር ስትረግም የኖረችው። ፊቷን አይቼ አሁን ትቆጣለች ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን ጫማዋን ፈለገች።

ሁላችንም የአባቴ ባቡር ወደሚያልፍበት ጣቢያ ወረድን። እኔ በፒጃማዬ ላይ የበረዶ ቱታዬን ለብሻለሁ። በረዶው ያዳልጣል፤ ጋሽ ሙሉጌታን በአንድ ወገን ሚስታቸው፣ በአንድ ወገን ጋሽ ሰዒድ ይዘዋቸዋል። እናቴ ነጠላዋን ከካፖርቷ በላይ ጥላ፣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ከፊት ትሄዳለች። «አሉ አባባ?» ትላለች በየጊዜው። «አለሁ» ይላሉ። መድረኩ ላይ፣ የባቡሩ አፍንጫ የሚቆምበት ጫፍ ላይ ተደረደርን። ሥራ የሚሄደው ሰው ያየናል። አንድ ባቡር መጣ፣ የአባቴ አይደለም። ሌላ መጣ፣ ሴት ናት፤ እጇን አውለበለበችልን።

ከዚያ አባቴ መጣ። ከሩቅ ፊቱን በመስታወቱ አየሁት፣ መጀመሪያ ፈገግ አለ። ቀጥሎ ሁላችንንም አየ። ሚስቱ ነጠላ ለብሳ፣ ዓይኗ አብጦ። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ። እትዬ አልማዝ። ፊቱ ላይ ያለው ደም ሲወርድ በዓይኔ አየሁ። ባቡሩን አቆመ፣ የጎኑን መስኮት ከፈተ።

«ማን ነው?» አለ። «ንገሩኝ። ማን ነው?»

እናቴ ስልኩን ወደ መስኮቱ ዘረጋችለት። ሊይዘው ፈራ።

«አንተ ልጅ» አሉ አባባ ከውስጥ። «አለህ?»

አባቴ ግንባሩን መስኮቱ ላይ አስደገፈ። «አለሁ አባባ። እርስዎስ? አሉ?»

«አለሁ። እንግዲያው ንዳ፣ ሰው አታስጠብቅ።»

አባቴ እየሳቀ፣ እንባውን በዩኒፎርሙ እጅጌ እየጠረገ በሩን ዘግቶ ነዳ። እኛ ቀረን። እትዬ አልማዝ በሳቅ አምድ ተደገፈች፤ ጋሽ ሰዒድ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ያመሰግናል። እናቴ ግን ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ፣ ቀስ ብላ፣ «አባባ፣ ይማሉልኝ። ከእንግዲህ ማንም ቢሞት በዚያው ቀን ራስዎ ይነግሩኛል። ማንም ቢሆን» አለች።

«ራሴ እነግርሻለሁ» አሉ። ዝም። ዝም። «የራሴን ግን፣ ልጄ፣ እንዴት አድርጌ ልንገርሽ?»

እናቴ ሳቀች። በረዶው ላይ ቁጢጥ ብላ፣ ስልኩን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ሆዷን እስኪያማት ሳቀች። ጋሽ ሙሉጌታም ሳቁ። እኔ ብቻ አልሳቅኩም። የካፖርቷን ጫፍ በሁለት እጄ ጨብጬ፣ የአባባን ጥያቄ የሚመልስ አለ ብዬ የትልልቆቹን ፊት በየተራ አየሁ፤ ሁሉም ይስቃሉ።